የቅዳሜ ዕረፍት

ሚልክያስ ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያንከባለለ ከላሜራው ፊት ቆሟል። ጥቁር ቀለም የተቀባው ላሜራ ላይ ከሰኞ እስከ እሑድ ሰባት ዓምዶች ተሰምረዋል፤ በየአናታቸው የቀኑ ስም አለ፤ ከስሙ በታች ግን ባዶ ነው። ይህን ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ከወለወለው ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ጠመኔ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ቢታበስም ጨርሶ አይለቅም። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ዓርብ ከሚለው ሥር «ጀርባ»፣ ቅዳሜ ከሚለው ሥር «ዕረፍት» የሚሉት ቃላት ደብዘዝ ብለው ይነበባሉ። ሚልክያስ ጠጋ ብሎ ማየት ካቆመ ሰንብቷል።

የቆመበት ቤት ከብየዳ ሱቁ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቢቆምበት የሚሞላ ነው። የሚያሠለጥናቸው ልጆች ጂም ይሉታል። ብረቱ ሁሉ የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ የአሮጌ አይሱዙ አክሰል፣ የመኪና ቸርኬ፣ ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ፣ ራሱ በይዶ የሠራው አግዳሚ። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት ነው። ከጂንካ ጉልበተኛ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ የእሱን ስም የማይጠራ የለም፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ ማወቁን ደግሞ ይወደው ነበር።

«ኮች፣ ልጆቹ እኮ ሰኞ ምን እንደሚሠሩ እየጠየቁ ነው» አለ ተገኝ ከበሩ ላይ ሆኖ። ተገኝ ሞተረኛ ነው፤ ሰው በሞተር እያመላለሰ የሚኖር፣ ከሚልክያስ ዘንድ ስድስት ዓመት ብረት ያነሣ ወጣት። «ሦስት ቀን አድርገን ሙሉ ሰውነት እንሥራ የሚሉ አሉ። አራት ቀን ይሁንና ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ብለን እንክፈለው የሚሉም አሉ። የድሮው አምስት ቀን ይቀጥል የሚልም አለ። እኔ ግን ኮች ያለውን ነው የምንሠራው ብያቸዋለሁ።»

«እኔ ያልኩትን አትሥሩ።»

ተገኝ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። የሚልክያስን ፊት ሲያይ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ።

«አንተ» አለ ሚልክያስ፣ «በቀን ስንት ሰዓት ሞተር ላይ ትቀመጣለህ?»

«ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት። ምነው?»

«ወገብህን አያምህም?»

«የዲመካን መንገድ ከሄድኩ ያመኛል። በማግስቱ ጎንበስ ማለት እንኳ ያቅተኛል።»

«ታዲያ በስድስት ዓመት አንድ ቀን ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

«ጠይቀኸኝ አታውቅም እኮ» አለ ተገኝ። ለመውቀስ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ሚልክያስ ጠመኔውን ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠና እጁን በሱሪው ጠረገ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሆኗል። ዶላሞን የሚወስደው ሚኒባስ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣል።

ዶላሞ ከወላይታ ገጠር ሥራ ፍለጋ መጥቶ ጂንካ የቀረ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። አጭር፣ ደልዳላ፣ ሳቁ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር። አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ ጂሙ በር ላይ ቆሞ ጥቂት ተመለከተና «ይሄን በነፃ ነው የምታነሡት?» ብሎ ጠየቀ። የገቡት ሁሉ ሳቁ። በማግስቱ ግን መጣ፤ ከዚያ ወዲህም አልቀረም። ኩንታል ሲሸከም ጌታው ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ብረቱን ሲያነሣ ግን ጌታው ራሱ እንደሆነ ለሚልክያስ ነግሮት ያውቃል። ሁለቱ አንድ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ፤ ብረት ሲያነሡ አንዱ የሌላውን ጀርባ ይጠብቃል፤ በአራት ዓመት ውስጥ ወንድማማች ሆነው ነበር።

ሚልክያስ አንድ እምነት ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት ጡንቻ የሚያፋፋ መርፌ በቦርሳው ይዞ ብቅ ያለ ጎረምሳ ነበር። ሚልክያስ ብልቃጦቹን ተቀብሎ ሁሉም እያዩ በብየዳ መዶሻው አደቀቃቸው። «እኛ ናቹራል ነን» አለ፤ «የምናድገው በበቆሎና በባቄላ፣ በእንቅልፍና በጸሎት ነው።» ይህ ወሬ ጸሎት ቤት ድረስ ደርሶ ተመሰገነበት። ሊመሰገንበትም ይገባ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ሳምንቱ ላይ ነው።

ቀድሞ የሚሠሩት በሳምንት ሦስት ቀን ነበር፤ ሁሉንም ሰውነት በመጠኑ ነካ ነካ አድርገው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ዕድገቱ ግን አዝጋሚ ነው። የሰው ልጅ ደግሞ የዘራውን በማግስቱ ማጨድ ይወዳል። አንድ ቀን ሚልክያስ አንድ ግዙፍ ፈረንጅ ሳምንቱን እንዴት እንደሚከፍል በስልኩ ላይ አየ፤ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ትከሻ፣ ረቡዕ እግር፣ ሐሙስ ክንድ፣ ዓርብ ጀርባ፤ በየቀኑ አንዱን ክፍል አልንቀሳቀስም እስኪል ድረስ ማድቀቅ። እንዳለ ሰሌዳው ላይ ገለበጠው። የሰውየው ሰውነት በእንቅልፍ ይጠገን በመርፌ አልጠየቀም። መርፌያቸውን አባርሮ ሳምንታቸውን ተቀበለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው፤ ጂሙ ይዘጋል። ስለዚህ ከቅዳሜ ሥር «ዕረፍት» ብሎ ጻፈ፤ ከእሑድ ሥር «ጸሎት ቤት»። ጫኝና አውራጅ ደግሞ ከሳምንቱ ሁሉ የሚደክመው ቅዳሜ ነው። በቆሎው፣ ሙዙ፣ ኮረሪማው፣ ከየገጠሩ የመጣው ሁሉ ያን ዕለት ነው መኪና ላይ የሚወጣው። ይህን በጂንካ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ሚልክያስም ያውቃል። ግን ለእሱ ክብደት ማለት የሚቆጠር ብረት ነበር፤ በጀርባ የሚወጣ ኩንታል ሥራ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም። ስለዚህ አልቆጠረውም። ዶላሞም አሰልጣኙን ስለሚያምን አልጠየቀም።

ከሰባት ሳምንት በፊት በአንድ ዓርብ ዶላሞ አክሰሉን ከመሬት ሦስት ጊዜ ካነሣ በኋላ ቀና ብሎ «እግሬን ይነዝረኛል፤ እስከ ተረከዜ ድረስ» አለ። ሚልክያስ «ነገ ዕረፍት ነው፤ ያልፍልሃል» አለውና ሁለት ቸርኬ ጨመረበት። ዶላሞ ሳቀ፤ አነሣው። በማግስቱ ሦስተኛው መኪና ላይ፣ ኩንታል በቆሎ ተሸክሞ ሳንቃውን ሲወጣ፣ ወገቡ ከዳው። ሲወድቅ ኩንታሉ ከላይ ወደቀበት። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ድረስ ወስደውት ነበር፤ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ እንደማይመለስ ተነግሯቸው ተመለሱ።

ይህ በራሱ ከባድ ነው። ሚልክያስን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላ ነገር ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ዶላሞ አልጋው ላይ ሆኖ «ዛሬ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም፣ ልቅር» ሲል ሚስቱ አይናለም «ሰው እየጠበቀህ ተኝተህ ትውላለህ?» ብላው ነበር። ሚስት ሁሉ የምትለው ተራ ቃል ነው። ከእሱ ቡድን አንድ ሰው ሲቀር የእሱ ሸክም በጓደኞቹ ጀርባ ላይ ስለሚወድቅ፣ ባሏ በሰው እንዳይጠላ ብላ ነው ያለችው። እሱም ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አይናለም ባሏን የሰበረችው እሷ እንደሆነች አመነች፤ ለጎረቤት ተናገረች፤ በጸሎት ቤት ተንበርክካ ተናገረች፤ ሚልክያስ ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥርም ተናገረች። ሚልክያስም እየሰማ ዝም አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ጠላ የማይቀምስ ሰው ሆነና ከሆዱ የሚያወጣለት ጠፋ።

ዛሬ ይሄዳሉ። የዶላሞ ታላቅ ወንድም ቤት ቦታ አለ ተብሎ ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ቤት ሊገቡ ነው። ዛሬ ካልተናገረ መቼም አይናገርም፤ አይናለምም ያን ሸክም ይዛ ወይጦን፣ ኮንሶን አልፋ ትሄዳለች፤ ይዛውም ታረጃለች። ሚልክያስ ይህን እያሰበ የአሮጌውን አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አቋርጦ በገበያው ጠርዝ አለፈ። ፍየል የሚጎትቱ የበናና የፀማይ ሰዎች፣ ሙዝ በራሳቸው የተሸከሙ የአሪ ሴቶች፣ ጥሩምባ የሚነፉ ሞተሮች መንገዱን ሞልተውታል። ከመኪና መጫኛው በኩል የጫኞቹ ድምፅ ይሰማል። አንገቱን ሳያዞር አለፈ።

አይናለም ከኪራይ ቤታቸው ደጅ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ፍራሽ በገመድ ታስራለች። ቀጭን ሴት ናት፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ ቀጥናለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ባሏን በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጠችው ቆዳው ይቆስላል ስለተባለች ሌሊቱንም አትተኛም፤ ለመተኛት ጊዜ ባገኘች ጊዜ ደግሞ እንቅልፉ እምቢ ይላታል።

«ወንድም ሚልክያስ፣ መጣህ? ተባረክ» አለች። «ትመጣለህ ብዬ ነበር።»

ገመዱን ተቀብሎ አጠበቀላት። የሚናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ ሲደረድር ነበር የመጣው። እሷ ቀደመችው።

«ሌሊት ሌሊት ያቺ ቃሌ ትመጣለች» አለች፤ ዓይኗን ከቋጠሮው ሳታነሣ። «ወገቤ የእኔ አይመስለኝም አለኝ። ነገረኝ እኮ። ዝም ብዬ አጠገቡ ብቀመጥ ምን ነበረበት? አፌ ነው የሰበረው፣ ወንድም ሚልክያስ። ወንድሙ ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? አፌ ነው እለዋለሁ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለ ሚልክያስ።

ከአፉ እንደወጣ አፈረበት። እግዚአብሔር ማወቁንማ ማን ካደ? ሚልክያስም ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ግን ቃሉን እንደ ማጽናኛ ተቀብላ ራሷን ነቀነቀችና «ግባ፣ ይጠብቅሃል» አለችው።

ዶላሞ ጠፍር አልጋ ላይ በጎኑ ተኝቶ በሩን ያያል። የብርድ ልብሱ የታችኛው ክፍል ምንም የሌለበት ይመስላል። ክንዶቹ ግን ገና የድሮዎቹ ናቸው፤ ሚልክያስ እነሱን ላለማየት ጣሪያውን አየ።

«ሰሌዳው ላይ ምን ጻፍክ?» አለ ዶላሞ። ከሰላምታ በፊት የጠየቀው ይህን ነው።

«ምንም።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ? ልጆቹ ሊሟሽሹ ነው እንዴ?» ሳቀ፤ ሳቁ አጭር ነበር። ከትራሱ ሥር አንድ ደብተርና እስክርቢቶ አወጣ። «እንግዲያው ለእኔ ጻፍልኝ። አገር ቤት ከገባሁ በኋላ ሳምንቱን እንዴት ልክፈለው? እጄ አለ፤ ትከሻዬ አለ። ከአልጋ ወደ ወንበር ራሴን ማውጣት መቻል አለብኝ። አይናለም ልትሸከመኝ አትችልም። እሷም ሰው ናት።»

ሚልክያስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ። ሰባቱን ቀን ወደ ታች ጻፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እስክርቢቶውን ከሰኞ ፊት ለፊት ሲያሳርፍ ፈራ። ድሮ ቢሆን ሰኞ ደረት ብሎ ይጀምር ነበር። አሁን ግን መጠየቅ ጀመረ። ጠዋት ማን ያነሣሃል? ገላህን ማን ያጥብሃል፣ በስንት ቀኑ? በቀን ስንት ጊዜ ራስህን በክንድህ ትደግፋለህ? ወንድምህ እርሻ የሚውለው የትኞቹን ቀኖች ነው? ዶላሞ እየገረመው መለሰ። ሚልክያስ መልሱን ሁሉ በየቀኑ ፊት ለፊት አሰፈረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ባዶ በቀረው ቦታ ጥቂት ሥራ የጨመረው። ሰኞ ትከሻና ክንድ፣ ጥቂት። ረቡዕ ደረትና ጀርባ፣ ጥቂት። ማክሰኞና ሐሙስ ምንም። ዓርብ ምንም። ዶላሞ ዓርብን ሲያይ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ቅዳሜስ?» አለ ሚልክያስ። «ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?»

«ቅዳሜ ሁሉም ገበያ ይወርዳሉ። አይናለምም መሄዷ አይቀርም። ቤት የሚቀር የለም፤ ራሴን በራሴ ነው የማገላብጠው።»

እስክርቢቶው ከቅዳሜ ፊት ለፊት ቆመ። ሚልክያስ ሊጽፍ ሞከረ፤ አልሆነለትም። የወረቀቱ መሥመር ሲደበዝዝ እያለቀሰ መሆኑን አወቀ።

«ዶላሞ፣ ዓርብ ዕለት እግሬን ነዘረኝ ስትለኝ...» አለ፤ «ማቆም ነበረብኝ። ቸርኬ ጨመርኩብህ። ቅዳሜ እንደምትጭን አውቅ ነበር፤ እያወቅሁ ዕረፍት ነው አልኩህ። የሰበርኩህ እኔ ነኝ።»

ከውጭ ገመድ ሲጎተት ይሰማል።

«ሰባት ሳምንት ጣሪያ ሳይ የምውል ሰው ምን የማስብ ይመስልሃል?» አለ ዶላሞ በመጨረሻ። «ዓርብን ነው የማስበው። በየቀኑ ዓርብ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«እኔ ካልኩት ክስ ይሆናል። ካንተ እስኪመጣ ጠበቅሁ።» ወደ ግድግዳው ሊዞር ሞከረና አንገቱ ብቻ ዞረለት። «ተናድጄብህ ነበር። አሁንም ተናድጃለሁ። ስትመጣ ደስ ይለኛል፤ ስትሄድ እናደዳለሁ።»

ሚልክያስ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ለእኔ ግን አይደለም መናገር ያለብህ» አለ ዶላሞ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም ብዬ ሃያ ጊዜ ነግሬያታለሁ። አታምነኝም። እንዳይከፋት ብዬ የምዋሽ ይመስላታል። ጂሙ ላይ ምን እንደሆነ እሷ አላየችም፤ ያየኸው አንተ ነህ። ካንተ አፍ ካልሰማች አይወጣላትም። ሂድ።»

ሚልክያስ ከቅዳሜ ፊት ለፊት «ሥራ» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ሰጠው። ከዚያ አልጋ እስከ ደጁ ስድስት እርምጃ ነው፤ በሕይወቱ ካነሣው ብረት ሁሉ ያ ስድስት እርምጃ ከበደው።

አይናለም የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የውሃ ጄሪካን ክዳን ታጠብቅ ነበር። ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለና ነገራት። አላሳመረውም። ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ቸርኬው፣ ስለ እግሩ መንዘር፣ «ያልፍልሃል» ስላለው ሁሉ ነገራት። እሷም እጇን ክዳኑ ላይ እንዳደረገች አዳመጠችው።

«ዓርብ ማታ እግሬን ብሎህ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር።»

«ሳይሄድ? እኔ ምንም ሳልል በፊት?»

«አንቺ ምንም ሳትዪ በፊት።»

በረጅሙ ተነፈሰች። ሚልክያስ ያ ትንፋሽ ይቅርታ መሰለው፤ ለአንድ አፍታ ደረቱ ቀለል አለው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። እሷን በሚያውቃት ዘመን ሁሉ እንዲህ አይታው አታውቅም።

«ስትመጣ ሁሉ እነግርህ ነበር» አለች፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «አርባ ምንጭ በረንዳው ላይ ነገርኩህ። ጸሎት ቤት ነገርኩህ። አሁን እዚህ፣ ገመድ እየያዝክልኝ፣ አፌ ነው የሰበረው አልኩህ። እግዚአብሔር ያውቃል አልከኝ።»

«አይናለም...»

«ወገቡን ተወው። ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። ሰባት ሳምንት ግን እያየኸኝ?»

መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና በሩን ገርበብ አደረገችው። ሚልክያስ ከማንጎው ሥር ቀረ። ከውስጥ የሁለቱ ድምፅ ይሰማል፤ በወላይትኛ ነው የሚነጋገሩት፤ ቃላቱ አይገቡትም። በመጨረሻ የሰማው ልቅሶዋን ነበር። ከአንጀት የወጣ ነው፤ በሰባት ሳምንት ውስጥ ስታለቅስ ሰምቷት አያውቅም። ሚልክያስም ልቅሶው እስኪያልቅ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ሚኒባሱ ከሰዓቱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ሾፌሩ አብዲ ዕቃ አድርሶ ባዶውን ወደ ሶዶ የሚመለስ፣ ቸኩሎ የማይነጫነጭ ሰው ነው፤ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ ፍራሹን አነጠፈ። «የሚያነሡት ሰዎች የት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ቅዳሜ ነው። የዶላሞ የሥራ ጓደኞች ጠዋት መጥተው ተሰናብተውት ገበያው ላይ መኪና እየጫኑ ናቸው፤ የግቢው ጎረምሶች ገበያ ወርደዋል። የቀሩት ሰገነት የምትባለዋ ጎረቤታቸውና ጋሽ ይሁኔ ናቸው። ጋሽ ይሁኔ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከዘራቸውን ማንጎው ላይ አስደግፈው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ዶላሞን ከነአንሶላው የእንጨት ቃሬዛ ላይ አድርገው ጎትተው ደጁ ድረስ አወጡት። ከደጁ እስከ መኪናው ግን ማንሣት የግድ ነው። ሚልክያስ በራስጌው በኩል ሄዶ ጎንበስ አለ። እጁ ሳይደርስ የአይናለም እጅ እንጨቱን ቀድሞ ያዘው።

«አንተ ተው» አለችው።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ልመናም አልነበረበትም። ጋሽ ይሁኔ ግራ ተጋብተው አንዴ እሷን አንዴ የሚልክያስን ትከሻ አዩ። «እንዴ ልጄ፣ እሱ ብቻውን ያነሣው የለም ወይ?» አሉ።

«ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል» አለች። «እኛ እንይዘዋለን፣ ጋሼ።»

ሚልክያስ ቀና አለ። ዶላሞን አየው፤ ዶላሞም አየው። ወደ ኋላ እየተራመደ ከአጥሩ በር ወጣና መንገዱ ዳር ቆመ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው፤ ኪሱ ከተታቸው፣ አወጣቸው፣ መልሶ በጎኑ አንጠለጠላቸው። ያ ሁሉ ዓመት ያጠራቀመው ጉልበት ሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ የሚፈልገው ግን የለም።

አብዲና ጋሽ ይሁኔ በእግርጌ፣ አይናለምና ሰገነት በራስጌ ያዙ። መጀመሪያ ሲሞክሩ አንደኛው ጎን ዝቅ አለና ዶላሞ ወደዚያ ተንሸራተተ፤ ቶሎ መልሰው መሬት አስቀመጡት። ጋሽ ይሁኔ ወገባቸውን ይዘው ተነፈሱ። ሚልክያስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደና ራሱን አቆመ።

ያኔ ዶላሞ ከቃሬዛው ላይ ሆኖ መናገር ጀመረ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ጀማሪ የሚያስተምር ሰው ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ በወገብዎ አይደለም። ወገብዎን ቀጥ ያድርጉትና ከጉልበትዎ ዝቅ ይበሉ፤ እግርዎ ነው የሚያነሣኝ። እንደሱ። አብዲ፣ ጠጋ በል፤ እንጨቱ ካንተ አይራቅ። ሰገነት፣ አትቸኩዪ።» ከዚያ ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ሚስቱ አዞረ። «አይናለም፣ አንቺም። አየር ሳቢ። ያዢው። አሁን ቀስ ብላችሁ፣ ሁላችሁም እኩል።»

አራቱም እንዳላቸው ጉልበታቸውን አጠፉ። ከአጥሩ ወዲያ፣ መንገዱ ዳር፣ ሚልክያስም ሳያውቀው ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን አቅንቶ፣ አየር ስቦ ያዘ፤ እነሱ ሲነሡ እሱም ባዶ እጁን አብሯቸው ተነሣ።